ከቀለሙ በፊት የኪራይ ውሉ፦ ሰፈር ለሚያድሱ ድርጅቶች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ በከተማ ሰፈሮች እድሳትና በሥራ ዕድል ፈጠራ ለተሰማሩ ግብረ ሰናይ ድርጅቶች የቦርድ አባላትና ሥራ አስኪያጆች፣ እንዲሁም ገንዘብ ለሚሰጧቸው ሁሉ

ጉዳዩ፦ በታደሰ ሰፈር ውስጥ የቀድሞው ነዋሪ እንዲቆይ ስለማድረግ

ክቡራንና ክቡራት፣

ሰፈር ሲታደስ ለጋሽ የሚላክለት ፎቶ ሁለት ነው፤ የበፊቱና የአሁኑ። በበፊቱ ጭቃ፣ የተደፈነ ቦይና የተሰነጠቀ ግድግዳ ይታያል። በአሁኑ ደግሞ ንጣፍ፣ የመንገድ መብራትና አዲስ ቀለም አለ። ፎቶዎቹ የማይናገሩት አንድ ነገር ነው፤ በፊት በዚያ በር ይገቡና ይወጡ የነበሩት ሰዎች ዛሬም እዚያው መኖራቸውን። መንገድ ሲነጠፍና መብራት ሲገባ ኪራይ ይወጣል። ኪራይ ሲወጣ ከእጅ ወደ አፍ የሚኖረው ተከራይ ጓዙን ጠቅልሎ መብራት ወደሌለበት ሌላ ሰፈር ይሄዳል። ያን ጊዜ በእሱ ስም የተለመነው ገንዘብ ለቤት ባለቤቶች የተሰጠ ስጦታ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ የምንጠይቃችሁ የሥራችሁን ቅደም ተከተል እንድትለውጡ ነው። ይዞታና ኪራይ ይቅደሙ፣ ከመሬት በታች ያለው ሥራ ይከተል፣ ቀለም የመጨረሻው ይሁን።

መነሻው ቆጠራ ነው። ቆጠራ የምንለው በናሙና የሚደረገውን ጥናት አይደለም፤ እያንዳንዱን በር በቁጥር መመዝገብን ነው። በአንድ ግቢ ውስጥ አምስት ቤተሰብ ካለ አምስት ቅጽ ይሞላል እንጂ ባለቤቱ ስለ ሁሉም አይናገርም። ከተከራይ የተከራየም ለብቻው ይመዘገባል። ባልና ሚስት ሁለቱም በስማቸው ይጻፋሉ፤ በአንድ ስም ብቻ የተጻፈ ቅጽ በፍቺ ወይም በሞት ጊዜ ሴቲቱን ባዶ እጇን ያስቀራል። የወር ኪራይ፣ የቆይታ ዘመን፣ ቤት ውስጥ የሚሠራ ሥራ (ስፌት፣ ጥገና፣ ምግብ ማዘጋጀት) እና የገቢው ምንጭ ይያዛሉ። ቆጣሪው ከሥራ ሰዓት ውጭም መሄድ አለበት፤ በቀን ብቻ የተደረገ ቆጠራ ቀን ሠራተኛውን ሁሉ ያጣዋል። ዝርዝሩ የኪራዩን መጠንና የግል መረጃውን ሳያወጣ በሰፈሩ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ተለጥፎ አቤቱታ ይሰማበት። ምዝገባው የሚዘጋበት ቀንም ሥራው ከመጀመሩ አስቀድሞ ይታወጅ። ይህ ካልተደረገ እድሳት ሊመጣ ነው የሚለው ወሬ በተሰማ ማግስት ባለቤቶች ተከራይ ማስወጣት ይጀምራሉ፤ ባዶ ክፍል ውስጥ ዘመድ አስገብተው የሚያስመዘግቡም ይኖራሉ። ዘግይቶ የተደረገ ቆጠራ የተጎዳውን ትቶ የተጠቀመውን ይቆጥራል።

ከዚያ ወደ ውሉ እንሂድ። የአንድን የኪራይ ቤት ጣሪያ፣ መጸዳጃ ወይም የኤሌክትሪክ መስመር በድርጅቱ ገንዘብ ከመጠገናችሁ በፊት ከባለቤቱ ጋር ስምምነት ይፈረም። ጥሩ ሆኖ የሚሠራው መንገድ ገንዘቡን በስጦታ ሳይሆን እየተሰረዘ በሚሄድ ብድር መስጠት ነው። ለምሳሌ የአምስት ዓመት ውል ቢሆን፣ ባለቤቱ ተከራዩን ሳያስወጣና ከተስማማበት በላይ ኪራይ ሳይጨምር ባሳለፈው በእያንዳንዱ ዓመት 20 በመቶው ይሰረዝለታል። በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ውሉን ቢያፈርስ ቀሪውን 60 በመቶ ይመልሳል። ይህ ሐሳብ በወረቀት ላይ ቀላል ነው። የሚበላሸው ምዝገባው ላይ ነው። ውሉ በድርጅቱ መሳቢያ ውስጥ ብቻ ከተቀመጠ ቤቱ በተሸጠ ዕለት ዋጋ ያጣል፤ አዲሱ ገዢ የማያውቀውን ውል አያከብርም። ስለዚህ ሕጉ በሚፈቅድበት ሁሉ በንብረቱ መዝገብ ላይ እንደ ዕዳ ይስፈር። የኪራይ ጭማሪው ጣሪያም «ተመጣጣኝ» በሚል ቃል አይታለፍ፤ በመቶኛ ይጻፍ። «ተመጣጣኝ» የሚለው ቃል ያለበት ውል ላይ ተከራይ ሲከራከር የሚጨብጠው ነገር የለውም።

መሬቱ ራሱ ከገበያ እጅ ሊወጣ የሚችልበት ቦታ ካለ ግን ከኪራይ ውል የሚበረታ መንገድ አለ፤ የማኅበረሰብ የመሬት አደራ። ሐሳቡ በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት በ1969 (እዚህና ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኒው ኮሚዩኒቲስ በተባለው የጥቁር ገበሬዎች ድርጅት ተጀመረ። ኋላም ወደ ከተማ ገባ፤ በቨርሞንት ግዛት በርሊንግተን ከተማ በ1984 የተመሠረተው አደራ በስፋት ከሚጠቀሱት አንዱ ነው። አሠራሩ ይህ ነው፤ መሬቱ የአደራው ሆኖ ይቀራል፣ ቤቱን ነዋሪው ይገዛል፣ መሬቱን በረጅም ዘመን ሊዝ (ብዙ ጊዜ 99 ዓመት) ይይዛል። ሲሸጥ ዋጋው በቀመር ይወሰናል። ለምሳሌ ቤቱን በ100 ሺህ ገዝቶ ከዓመታት በኋላ ግምቱ 140 ሺህ ቢደርስ፣ ከጭማሪው 25 በመቶ የሚሰጥ ቀመር ከሆነ ሻጩ የከፈለውንና 10 ሺህ ጨምሮ ይወስዳል፤ ቀጣዩ ገዢ በ110 ሺህ ይገባል። 30 ሺው ከቤቱ ጋር ለተከታዩ ይተርፋል። የተለመደው ቦርድ በሦስት እኩል ይከፈላል፤ አንድ ሦስተኛ በአደራው ቤቶች የሚኖሩ፣ አንድ ሦስተኛ የአካባቢው ሌሎች ነዋሪዎች፣ አንድ ሦስተኛ የሕዝብ ጥቅምን የሚወክሉ ባለሙያዎችና የመንግሥት ሰዎች። እዚህ ላይ ድርጅቶች የሚሳሳቱት ቀመሩን ለገዢው በደንብ ሳያስረዱ ሲቀሩ ነው። ሊሸጥ በመጣ ቀን ስለ 25 በመቶ የሚሰማ ሰው ተታለልኩ ቢል አይፈረድበትም። ከመፈረሙ በፊት በራሱ ቤት ቁጥር ተሠርቶ ይታየው፤ የራሱ የሕግ አማካሪም ይኑረው።

ሥልጣን በማን እጅ እንዳለ አስቀድሞ መለየት ለምን እንደሚያስፈልግ በአሜሪካ የቦስተን ከተማ የደድሊ ጎዳና ሰፈር በግልጽ ያሳያል። በ1980ዎቹ ያ ሰፈር 1,300 ያህል ባዶ ቦታዎች ነበሩት፤ ቤት እየተቃጠለ፣ ከሌላ አካባቢ ቆሻሻ እየመጣ ይጣልበት ነበር። በ1984 የልማት ጥምረት ሲታሰብ መጀመሪያ የቀረበው የቦርድ ዕቅድ ለነዋሪዎች ጥቂት ወንበር ብቻ የተወ ነበር። ነዋሪዎቹ በስብሰባ ላይ ተቃወሙ፣ ዕቅዱ ተቀየረ፣ ብዙኃኑን መቀመጫ እነሱ ያዙ። የመጀመሪያው ዘመቻቸው ሕንፃ አልነበረም፤ ቆሻሻ መጣሉን ማስቆም ነበር። በ1988 የከተማዋ የልማት ባለሥልጣን በሰፈሩ ውስጥ ያለውን ባዶ መሬት ለሕዝብ ጥቅም የመውሰድ ሥልጣን ሰጣቸው። መሬቱም በአደራ ተይዞ ቤት ተሠራበት። ቦርዳችሁን ስታዋቅሩ ይህን አስቡ። ሁለት ነዋሪ «ለውክልና» ማስቀመጥ ለሁለቱም ለሰፈሩም አይጠቅምም፤ ድምፃቸው በማያሸንፍበት ጠረጴዛ ላይ የሰፈሩን ቁጣ እንዲሸከሙ ይደረጋሉ።

የታይላንድ መንገድ ደግሞ ሌላ ነው። በ2003 የተጀመረው ባን ማንኮንግ የተባለው መርሐ ግብር ገንዘቡን ለኮንትራክተር ሳይሆን ለተደራጀው ማኅበረሰብ ያደርሳል። ነዋሪዎቹ ራሳቸውን ይቆጥራሉ፣ የቁጠባ ቡድን ያቋቁማሉ፣ በኅብረት ሥራ ማኅበር ይደራጃሉ። ከዚያ ከመሬቱ ባለቤት ጋር ይደራደራሉ፤ መሬቱን ይገዛሉ ወይም በረጅም ሊዝ ይይዛሉ፣ አንዳንዴም ከፊሉን ለባለቤቱ ለቅቀው በቀሪው ላይ ተጠጋግተው ይሠራሉ። ብድሩን የሚወስደው ማኅበሩ ነው። ጥበቡ ያለው የጋራ ይዞታው ላይ ነው፤ አንድ ቤተሰብ ሲቸገር ቦታውን ለውጭ ሰው ሸጦ ከመውጣት ይልቅ ማኅበሩ ይደግፈዋል ወይም ይተካዋል።

ይዞታው መልክ ሲይዝ ወደ ቦዩ እንወርዳለን። በፍሳሽ ሥራ በፓኪስታን የካራቺ ከተማ የኦራንጊ ፕሮጀክት እስከ ዛሬ ትምህርት ቤት ነው። አክታር ሐሚድ ካን በ1980 ሲጀምረው ለመደራጃ የመረጠው ሰፈሩን በሙሉ አልነበረም፤ በአንድ መተላለፊያ ግራና ቀኝ ያሉትን ከ20 እስከ 30 የሚሆኑ ቤቶች ነው። ሰው በሩ ላይ ላለው ቦይ ገንዘብ ያወጣል፤ ጎረቤቱ አለመክፈሉንም በዓይኑ ያያል። ቤቶቹ የመጸዳጃውን፣ የመተላለፊያውን መስመርና የሰፈሩን ሰብሳቢ ቱቦ ወጪ ችለው ራሳቸው ሠሩ። ዋናው ማስተላለፊያና ማጣሪያ የመንግሥት ድርሻ ሆነ። ድርጅቱ የሰጠው ካርታ፣ ልኬት፣ የዋጋ ግምት፣ የማንሆል (የፍሳሽ መስመር መክፈቻ ጉድጓድ) ቅርጽ ማውጫ ብረትና ክትትል ነበር። ዲዛይኑ ሲቀልልና አትራፊ ኮንትራክተር ከመካከል ሲወጣ ዋጋው የነዋሪው አቅም ወደሚችለው ወረደ።

በዚህ ሥራ ላይ ስህተት ከሁሉም በላይ የሚወለደው ከቅደም ተከተል ነው። ቁፋሮ ከመውጫው፣ ማለትም ከዝቅተኛው ጫፍ ጀምሮ ወደ ላይ ይሄዳል። ከላይ የተጀመረ መስመር ገንዘቡ መሐል ላይ ሲያልቅ የላይኞቹን ፍሳሽ በታችኞቹ ሳሎን ውስጥ ይደፋዋል። ተዳፋቱ በግምት አይወሰድ። ለ100 ሚሊ ሜትር የቤት ቱቦ በየ100 ሜትሩ 2 ሜትር፣ ለ150 ሚሊ ሜትር 1 ሜትር ያህል መውረድ ለዕቅድ ጥሩ መነሻ ነው። መሣሪያ ከሌለ ውኃ የተሞላ ውስጡ የሚታይ የላስቲክ ቱቦ ልኩን ያሳያል፤ አየር አረፋ ውስጡ እንዳይቀር ግን ተጠንቀቁ፣ አረፋ ያለበት ላስቲክ ይዋሻል። ቱቦ በሚታጠፍበትና ሁለት መስመር በሚገናኝበት ሁሉ መክፈቻ ይሠራ። አፈር ከመመለሱ በፊት ከላይ ውኃ ተለቅቆ እስከ መጨረሻው ይታይ፤ ከተደፈነ በኋላ የሚገኝ ስህተት ንጣፉንም ያስፈርሳል። የኮንክሪት ክዳን ቢያንስ ሰባት ቀን ውኃ እየጠጣ ይቆይ። ንጣፍ የሚመጣው ይህ ሁሉ ካበቃ በኋላ ነው፤ የውኃና የኤሌክትሪክ መሥሪያ ቤቶች ደግሞ መስመራቸውን በዚያው ጉድጓድ ጊዜ እንዲያስገቡ ቀኑ ተጽፎ ይነገራቸው። ነጥፎ መቆፈር የሰፈሩን ሰው እምነት ከገንዘቡ እኩል ይበላል።

ባዶ ቦታ ላይ ብዙ ማውጣት አያስፈልግም። በአሜሪካ የፊላደልፊያ ከተማ 541 ባዶ ቦታዎችን በዕጣ ለይቶ የተካሄደና በ2018 የታተመ ጥናት አለ። በተመረጡት ቦታዎች ላይ የተሠራው ቆሻሻ ማንሣት፣ መሬቱን ማስተካከል፣ ሣርና ጥቂት ዛፍ መትከል፣ ሰው የሚገባበት ዝቅ ያለ የእንጨት አጥር ማቆምና በየጊዜው ማጨድ ብቻ ነበር። ከድህነት መስመር በታች ባሉት ሰፈሮች የጦር መሣሪያ ጥቃት 29 በመቶ ቀነሰ። አጥሩ ዝቅ ማለቱ ዋና ነገር ነው፤ ቦታው ጠባቂ እንዳለው ይናገራል፣ ዓይንን ግን አይጋርድም። ማጨዱ በተቋረጠ ወራት ግን ቆሻሻው ተመልሶ ይመጣል፤ ስለዚህ የአጫጁ ደመወዝ ከመትከሉ በጀት ጋር አብሮ ይያዝ፤ አጫጁም የሰፈሩ ሰው ይሁን።

አሁን ሥራና ገቢ። እዚህ ላይ በርከት አድርገን እንጽፋለን፤ ሪፖርት የሚያምርበት፣ ኪስ ግን ባዶ የሚቀርበት ቦታ ይህ ነውና።

በመጀመሪያ ያለውን አታጥፉ። መንገድ ለወራት ሲዘጋ በዳሩ ያለ ትንሽ ሱቅ ይከስራል፤ በኋላ የመጣው መብራት አያስነሣውም። ሥራው በ50 ወይም በ80 ሜትር ቁራጭ፣ የመንገዱም ግማሽ በግማሽ ይሁን። አንድ ሰው ከነሸክሙ የሚያልፍበት 1.5 ሜትር መተላለፊያ በእያንዳንዱ በር ፊት ይቅር። የየቁራጩ መጀመሪያና ማብቂያ ቀን ይለጠፍ፣ ከዘገየ ኮንትራክተሩ የሚቀጣበት አንቀጽ በውሉ ይግባ። የሽያጭ ማካካሻ መክፈል ካሰባችሁ የሱቆቹን የገበያ ልክ ከቁፋሮው በፊት መዝግቡ፤ በኋላ የሚነገር ቁጥር ሁልጊዜ ያጨቃጭቃል።

ሁለተኛ፣ የእድሳቱን ገንዘብ ራሱን ወደ ሰፈሩ አስገቡ። «ከሠራተኞቹ 30 በመቶ ከሰፈሩ ይሁኑ» የሚል አንቀጽ ብቻውን የሚያመጣው ጥበቃና ቁፋሮ ነው። ኮታው በየሙያው ይጻፍ፤ ከግንበኛ ስንት፣ ከቧንቧ ሠራተኛ ስንት፣ ከኤሌክትሪክ ሠራተኛና ከፌሮ ሠራተኛ ስንት። ማረጋገጫውም የኮንትራክተሩ ደብዳቤ ሳይሆን የደመወዝ መክፈያ ሰነዱ ይሁን፤ ስሙ ከቆጠራችሁ ዝርዝር ጋር ይመሳከር። ትልቁን ጨረታ በትንንሽ ሎት ክፈሉት፤ ንጣፍ ለብቻው፣ የማንሆል ክዳን ለብቻው፣ በርና መስኮት ለብቻው፣ ቀለም ለብቻው። ትንሽ ሥራ ለሚወስዱ የሰፈር ቡድኖች የጨረታ ማስከበሪያውን አንሡ ወይም ዝቅ አድርጉ፤ በምትኩ ስሚንቶና ብረትን የመሰለውን ውድ ዕቃ ራሳችሁ ግዙ፣ ቡድኑ ጉልበቱንና ሙያውን ያቅርብ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የሰፈር ቡድንን የሚጥለው የክፍያ መዘግየት ነው። ሥራውን አሸንፎ ይጀምራል፣ በሁለተኛው ሳምንት የሠራተኛ ደመወዝ ይደርሳል፣ የእናንተ የፋይናንስ ክፍል ግን የሚከፍለው በ60 ቀን ነው። ቡድኑ ከአራጣ አበዳሪ ይበደራል፤ ትርፉም ከትርፉ በላይም ወለድ ሆኖ ይሄዳል። ሥራው ሲያልቅ ቡድኑ ከመጀመሩ በፊት ከነበረው የባሰ ድሃ ነው። ስለዚህ ከ20 እስከ 30 በመቶ ቅድመ ክፍያ ስጡ፣ ልኬት በየሳምንቱ ይያዝ፣ ልኬቱ ከተፈረመ በኋላ ክፍያው በ14 ቀን ውስጥ ይድረስ። ለጉድለት ማረሚያ የሚያዘው ገንዘብ ከ5 በመቶ አይብለጥ፤ የሚለቀቅበትም ቀን በውሉ ላይ ይጻፍ። ይህን ለማድረግ ተጨማሪ ገንዘብ አያስፈልጋችሁም፤ የፊርማውን ሰንሰለት ማሳጠር ብቻ ይበቃል።

ሦስተኛ፣ እድሳቱ ሲያልቅም የማያልቅ ገዢ ፈልጉ። በአሜሪካ የክሊቭላንድ ከተማ በ2008 የተጀመረው የኤቨርግሪን ኅብረት ሥራ ማኅበራት መነሻ ጥያቄ «በአጠገባችን ያሉት ትልልቅ ሆስፒታሎችና ዩኒቨርሲቲ ምን ይገዛሉ?» የሚል ነበር። አንዱ መልስ የልብስ እጥበት ሆነ። ሠራተኞቹ ራሳቸው ባለቤት የሆኑበት የእጥበት ድርጅት ተቋቋመ። እናንተም በአቅራቢያችሁ ያለውን ሆስፒታል፣ ትምህርት ቤት ወይም ፋብሪካ የዓመት ግዢ ዝርዝር ጠይቁ፤ ሥልጠናውን ከዚያ ዝርዝር ተነሥታችሁ አውጡ። ገዢው ሳይታወቅ 40 ሴቶችን በአንድ ዓይነት ስፌት ማሠልጠን እርስ በርስ ገበያ ማሻማት ነው። ስለ ሥልጠና ከዚህ የሚበልጥ ብዙ የምንለው የለም፤ ቀጣሪው ወይም ገዢው መጨረሻ ላይ ያለበት ሥልጠና ይሠራል፣ የምስክር ወረቀት ብቻ ያለበት አይሠራም።

ገንዘብ ለሌለው ሰው መነሻ ካፒታል በሚመለከት፣ ከውጭ ብድር በፊት የራስ ቁጠባ ይቅደም። ኬር የተባለው ድርጅት በ1991 በኒጀር የጀመረው የቁጠባና የብድር ቡድን ዛሬ በብዙ አገሮች ይሠራበታል። ከ15 እስከ 25 ሰው ይሰባሰባል። በየስብሰባው እያንዳንዱ ከ1 እስከ 5 ድርሻ ይገዛል፤ ድርሻው በደብተሩ ላይ በማኅተም ስለሚመታ ማንበብ የማይችልም ይቆጥረዋል። ሳጥኑ ሦስት ቁልፍ አለው፤ ቁልፎቹ በሦስት የተለያዩ ሰዎች እጅ፣ ሳጥኑ በአራተኛው ቤት ይቀመጣል። ብድር ብዙውን ጊዜ ከራስ ቁጠባ ሦስት እጥፍ አይበልጥም፣ በሦስት ወር ውስጥ ይመለሳል። ከ9 እስከ 12 ወር ሲሞላ ሁሉም ተሰብስቦ እንደ ድርሻው ይካፈላል፣ አዲስ ዙር ይጀመራል። ቡድን የሚፈርስባቸው መንገዶች ይታወቃሉ። ብድር መስጠት ከክፍፍሉ ቀደም ብሎ ስላልቆመ በክፍፍሉ ቀን ገንዘቡ በሰው እጅ ይቀራል። ወይም ሳጥኑ ሞልቶ ሌባ ይጠራል፤ ይህ ከመሆኑ በፊት ገንዘቡን ወደ ባንክ ወይም ወደ ሞባይል ሒሳብ ማዛወር ይገባል። በጣም የሚከፋው ግን የእናንተ ደግነት ነው። በመጀመሪያው ዙር ላይ ድርጅቱ «ማጠናከሪያ» ብሎ የሚጨምረው ገንዘብ የጎረቤትን ገንዘብ የመመለስ ጥንቃቄን ያጠፋል። የለጋሽን ገንዘብ አለመመለስ ማንንም አያሳፍርምና። ቢያንስ አንድ ሙሉ ዙር በራሳቸው ይጨርሱ።

ለለጋሾች የምንለው አጭር ነው። የ12 ወር በጀት ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ቆጠራው፣ ድርድሩና የውሉ ምዝገባ ብቻቸውን ከዓመቱ ብዙውን ይወስዳሉ፣ ያለ ጊዜያቸው ሲጣደፉም ድርጅቱ በቀጥታ ወደ ቀለሙ ይሄዳል። የመጀመሪያው ዓመት መመዘኛ የተነጠፈ ሜትር መሆኑ ይቅር፤ የተመዘገበ ቤተሰብና የተፈረመ ውል ይሁን። ለጥገናም በየዓመቱ ከግንባታው ወጪ ከ2 እስከ 4 በመቶ የሚሆን ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ፣ ቁልፉንና መሰላሉን ማን እንደሚይዝ ሳይጻፍ የመጨረሻው ክፍያ አይለቀቅ።

ከእናንተ የምንጠብቀው በሚቀጥለው ዓመታዊ ሪፖርታችሁ ውስጥ ከፎቶዎቹ አጠገብ አንድ ሠንጠረዥ እንድታወጡ ነው። በመጀመሪያው ቆጠራ ከተመዘገቡት ቤተሰቦች ዛሬ እዚያው የሚኖሩት ስንት እንደሆኑ፣ ከእነዚህም ስንቱ ተከራይ እንደሆኑ፣ የአንድ ክፍል መካከለኛ ኪራይ በቆጠራው ጊዜና ዛሬ ምን ያህል እንደሆነ፣ ከእድሳቱ ወጪ በደመወዝና በውል ለሰፈሩ ሰው የተከፈለው ስንት እንደሆነ፣ ክፍያውም በአማካይ በስንት ቀን እንደደረሰ ይታይበት። የለቀቁትንም በስልክ ፈልጋችሁ የሄዱበትን ምክንያት ጠይቁ፤ ቁጥሩን ከነምክንያቱ አትሙት። ኪራዩን በየስድስት ወሩ ከለካችሁ ጭማሪው ሰው ከማስወጣቱ በፊት ታዩታላችሁ፤ በዓመት መጨረሻ ብቻ ከለካችሁ የምታገኙት የተዘጋ በር ነው።

ከአክብሮት ጋር፣

በሰፈር ልማት፣ በቤቶችና በኅብረት ሥራ ሙያ ላይ ያለን ጸሐፊዎች